ድምፁ ይሰማኛል፣ ቃሉ ግን አይለይልኝም

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 47 ነው፤ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ከ18 ዓመቴ ጀምሮ ስድስት ዓመት መሐል ሜዳ ወፍጮ ቤት ሠርቻለሁ። ከዚያ አምስት ዓመት ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት አይሱዙ ነድቻለሁ። በሠርጉም በለቅሶውም ጥይት ስንተኩስ ጆሮ የሚባል ነገር ትዝ አይለንም ነበር። ያን ሁሉ ከተውኩ 18 ዓመት ሆነኝ። ካለፉት ሦስት ዓመታት ወዲህ ግን እድር ላይ ሰው ሲናገር ድምፁ ይሰማኛል፣ ቃሉ አይለይልኝም። ባለቤቴ ቴሌቪዥኑን አበዛኸው እያለች ትቆጣለች። ሌሊት ጆሮዬ ጭው ይላል፤ ግራው ይብሳል። አንዱ «ነርቭህ ሞቷል፣ ምንም አይደረግም» አለኝ፤ ሌላው ነጭ ሽንኩርት በዘይት አሙቀህ ጠብ አድርግበት አለኝ። ገበያ ላይ ድምፅ የሚያጎላ መሣሪያ አይቻለሁ፤ ልግዛ? መድኃኒትስ አለው? ደግሞስ ሥራውን ከተውኩ ስንት ዘመኔ፣ ለምን አሁን? የ19 ዓመት ልጄም ወፍጮ ቤት ገብቷል፤ ለእሱስ ምን ላድርግ?

ምላሽ፦ «ነርቭህ ሞቷል» ያለዎት ሰው ከነገሩ ግማሹን ይዟል። የሞተው ሕዋስ አይመለስም። ይህን በግልጽ መናገር ይሻላል፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚጨርሰው «ይመለስልሃል» የሚለውን ሲያሳድድ ነውና። «ምንም አይደረግም» የሚለው ግን ትልቅ ስሕተት ነው። እርስዎ የገለጹት ዓይነት የመስማት መቀነስ በሚገባ ተለክቶ መሣሪያው በልኩ ሲስተካከል በደንብ ይታገዛል። ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ ምርመራ፣ ቀጥሎ መሣሪያ ነው። ገበያ ላይ ያዩትን ለጊዜው አይግዙ፤ ምክንያቱን ወረድ ብዬ እነግርዎታለሁ።

በጆሮዎ ውስጥ የሆነው ይህ ነው። ድምፅ ታምቡሩን ያንቀጠቅጣል፤ ታምቡሩ ሦስት ትንንሽ አጥንቶችን ይገፋል፤ አጥንቶቹ ደግሞ ቀንድ አውጣ በሚመስለው ኮክሊያ ውስጥ ያለውን ፈሳሽ ያናውጣሉ። እዚያ ውስጥ ጫፋቸው ጸጉር የመሰለ ሕዋሳት ተሰልፈዋል፤ በአንድ ጆሮ 15,000 ያህል ይሆናሉ። ከእነዚህ 3,500 ያህሉ ድምፁን ወደ አንጎል የሚልኩ ናቸው። የቀሩት 12,000 ገደማ ደግሞ ደካማውን ድምፅ ያጎላሉ፣ ተቀራራቢ የሆኑ ድምፆችንም ለይቶ ለመስማት ያግዛሉ። ጩኸት ቀድሞ የሚገድለው እነዚህን ኋለኞቹን ነው። ገብስ ነፋስ ሲመታው አጎንብሶ መልሶ ይቆማል፤ በረዶ ሲመታው ግን ከወገቡ ይሰበራል። ወፍጮ ቤት ውለው ማታ ጆሮዎ ድፍን ይልና ጠዋት ይከፈት የነበረው ማጎንበሱ ነበር። በየቀኑ ሲያጎነብስ የከረመ ሕዋስ ግን አንድ ቀን ሳይነሳ ይቀራል። ዶሮ ይህ ሕዋስ ሲሞትባት መልሳ ታበቅላለች፤ ይህም የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1988 በታተሙ ጥናቶች ነው። ሰው ግን አያበቅልም፤ እስካሁንም በጩኸት የሞተውን የሚያበቅል የተፈቀደ መድኃኒት የለም። የቢ ቪታሚን መርፌውም፣ «የነርቭ ኪኒን» እየተባለ የሚሸጠውም አያበቅለውም።

የጩኸቱን መጠን በቁጥር ልንገርዎ፤ ለልጅዎም ይጠቅማል። ዴሲቤል የድምፅ ኃይል መለኪያ ነው፤ በሥራ ጤና በሰፊው የሚሠራበት ልክ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፤ በ88 አራት ሰዓት፣ በ91 ሁለት ሰዓት፣ በ94 አንድ ሰዓት፣ በ100 ዴሲቤል 15 ደቂቃ ብቻ። የእህል ወፍጮ ሞተሩና መዶሻው አብረው ሲሠሩ ብዙውን ጊዜ ከ90 እስከ 100 ዴሲቤል ይደርሳል። 95 ነው ብለን ብንወስድ የሚፈቀደው 47 ደቂቃ ያህል ነው። እርስዎ አሥር ሰዓት ከዋሉበት በአንድ ቀን ከ12 ቀን በላይ የሚሆነውን ድርሻ ተቀብለዋል ማለት ነው። ያውም ስድስት ዓመት። ጥይቱ ደግሞ በሌላ ሚዛን የሚመዘን ነው። የጠመንጃ ተኩስ በተኳሹ ጆሮ አጠገብ ከ150 ዴሲቤል ያልፋል፤ ከ140 በላይ የሆነ ድምፅ በአንድ ጊዜ ሊጎዳ ስለሚችል ሰዓት አይቆጠርለትም።

«ለምን አሁን?» ላሉት፤ ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ መልሱም ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። የጆሮ ቀዳዳ 2.5 ሴንቲሜትር ያህል ርዝመት ያላት ቧንቧ ናት፤ እንደ ዋሽንት የራሷ ቃና ስላላት በ3,000 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲበዛ ድምፁ ይቀጥናል) አካባቢ ያለውን ድምፅ ከሌላው አስበልጣ ታጎላለች። ጉዳቱ የሚያርፈው ከዚያ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ 4,000 ኸርዝ ላይ ነው። ያ ቦታ በመጀመሪያዎቹ አሥር የሥራ ዓመታት ውስጥ ይጎዳል፤ ባለቤቱ ግን አያውቅም፤ የጨዋታ ድምፅ በአብዛኛው የሚመላለሰው ከዚያ በታች ስለሆነ። በ30 ዓመትዎ መርምሮዎት የነበረ ቢኖር በ4,000 ላይ መስማትዎ መውረዱን ያየው ነበር። ዕድሜ ደግሞ ከሌላ በኩል፣ ከቀጭኑ ድምፅ ጫፍ ከ8,000 ኸርዝና ከዚያ በላይ ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል። ሁለቱ ሲገናኙ ጉዳቱ ወደ 3,000 ወደ 2,000 ይሰፋል፤ ቃል የሚለየው እዚያ ነው። ስለዚህ ጩኸቱ ከተዉት በኋላ በራሱ እየገፋ አልመጣም። የጉልምስናዎን ትርፍ ቀድሞ ስለወሰደው፣ ሌላው ሰው በ65 የሚሰማውን ዕድሜ እርስዎ በ47 ሰሙት። በተጨማሪም በ2009 (እ.ኤ.አ.) በአይጦች ላይ የታተመ ጥናት፣ ልኬቱ ወደ ጤናማነት ከተመለሰ በኋላ እንኳ ከሕዋሱ ወደ ነርቩ የሚያቀብሉት መገናኛዎች ግማሽ ያህሉ ጠፍተው እንደሚቀሩ አሳይቷል። በጸጥታ ጥሩ ሰምቶ በሁካታ ውስጥ የሚጠፋበት ሰው ጉዳይ በከፊል ከዚህ ጋር ሳይገናኝ አይቀርም።

አሁን «ድምፁ ይሰማኛል፣ ቃሉ አይለይልኝም» ወዳሉት። አነጋገርዎ ትክክለኛው የሕመሙ ስም ነው። በአማርኛ የአናባቢው ጉልበት፣ የመ፣ የነ፣ የበ፣ የለ ድምፅ ወፍራሙ ላይ ይቀመጣል፤ እሱ አልተጎዳም። ሰ፣ ሸ፣ ፈ፣ ጸ፣ ጠ፣ ከ፣ ቀ ግን ከ2,000 ኸርዝ በላይ ባለው ቀጭን ድምፅ ይለያሉ፤ የሰ ጉልበት እንዲያውም ከ4,000 ወዲያ ነው። ስለዚህ «ጠፋ» እና «ሰፋ»፣ «ጣለ» እና «ሳለ»፣ «ጠራ» እና «ሠራ» በጆሮዎ አንድ ይሆናሉ። ፊት ለፊት ከሆነ ከንፈርና ዐውዱ ይሞሉልዎታል፤ እድር ላይ፣ ሰው በጎን ሲያወራ፣ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታው የሚሞላው ይጠፋል። የሴትና የሕፃን ድምፅ የሚከብድዎትም ለዚህ ነው። ባለቤትዎን «ሆን ብለሽ አለስልሰሽ ታወሪያለሽ» ብለው ከሆነ እሷ አላጠፋችም።

አንድ ሌላ ነገር ቤተሰብ ውስጥ ጠብ ያመጣል። ሰውየው «አልሰማም፣ ጮክ በሉ» ይላል፤ ሲጮሁ ደግሞ «ምን ያስጮሃችኋል!» ብሎ ይቆጣል። ይህ ጠባይ አይደለም። የሚያጎላውና የሚያለዝበው ሕዋስ ሲሞት በ«አይሰማም» እና በ«ያማል» መካከል ያለው ቦታ ይጠብባል፤ ድምፅ ትንሽ ሲጨመር በአንድ ጊዜ ይንጣል። ደግሞም ሰው ሲጮህ የሚጎላው አናባቢው ነው፤ የጠፋው ሰ እና ጠ እምብዛም አይጎላም።

ስለ ግራው ጆሮ። በጩኸት የሚመጣ ጉዳት በአብዛኛው ሁለቱን እኩል ይነካል፤ በእርስዎ ግን ሁለት ምክንያት ይታየኛል። በቀኝ ትከሻው የሚተኩስ ሰው ግራ ጆሮው ለአፈሙዙ ይቀርባል፣ ቀኙን ጭንቅላቱ ይጋርደዋል። ሾፌር ደግሞ ግራው በመስኮቱ በኩል ነው፤ የጣርማበርን ዋሻ መስኮት ከፍቶ ማለፍ፣ ወደ ደብረ ሲና በዝቅተኛ ማርሽ ሞተሩን እያስጮሁ መውረድ፣ ያ ሁሉ የሚገባው በግራ ነው። ይሁንና ይህን እኔ ስለገመትኩት አይተዉት። በልኬቱ ላይ ሁለቱ ጆሮዎች በተከታታይ ድምፆች ከ15 ዴሲቤል በላይ ከተለያዩ ሐኪሙ ሌላ ምክንያት መፈለግ አለበት፤ ከስንት አንድ በመስሚያ ነርቭ ላይ የሚወጣ እጢ ሊኖር ስለሚችል የኤምአርአይ ምስል ሊታዘዝ ይችላል።

ምርመራው እንዴት ይሁን? የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ ከጤና ጣቢያ ይጀምሩና ሪፈር ይያዙ፤ በቀጥታ ትልቅ ሆስፒታል ቢሄዱ መድኑ ሙሉውን ላይሸፍንልዎት ይችላል። የሚፈልጉት የአንገት በላይ ሐኪምና የመስማት ልኬት ነው። ከመሄድዎ በፊት ደውለው ወይም ሰው ልከው ሁለት ነገር ያስጠይቁ፤ ኦዲዮሜትር የሚባለው መለኪያ ይሠራል ወይ? ድምፅ የማያስገባ ክፍል አለ ወይ? ኮሪደር ዳር፣ በር ተከፍቶ የተለካ ልኬት የወፍራሙን ድምፅ መስማት ከእውነቱ አሳንሶ ያሳያል፤ በዚያ ላይ የተስተካከለ መሣሪያ ደግሞ ይረብሻል። ደብረ ብርሃን ካላገኙ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ጥቁር አንበሳ፣ ቅዱስ ጳውሎስና የካቲት 12 ሆስፒታሎች የአንገት በላይ ክፍል አላቸው። ከልኬቱ በፊት ቢያንስ 14 ሰዓት ከጩኸት ይራቁ። ስለዚህ በዋዜማው ገብተው ቢያድሩ ይመረጣል፤ ማለዳ ተነስቶ፣ ሙዚቃ ከሚያስጮህ አውቶቡስ ወርዶ በቀጥታ መለካት ውጤቱን ያዛባል።

ሐኪሙ መጀመሪያ ጆሮዎን በመብራት ያያል። ኩክ ደፍኖት ከሆነ ይወጣል፤ አንዳንዴ ግማሹ ችግር በዚያው ይወጣል። ቀጥሎ በጆሮ ማዳመጫ ከ250 እስከ 8,000 ኸርዝ ያሉ ድምፆችን ያሰሙዎታል፤ ከጆሮ ጀርባ አጥንት ላይ በሚደረግ ነዛሪም ይደግሙታል። በማዳመጫውና በአጥንቱ ያለው ውጤት እኩል ከወረደ ጉዳቱ የውስጥ ጆሮ ነው። በአጥንቱ ደህና ሆኖ በማዳመጫው ከወረደ ችግሩ ታምቡሩ ወይም ትንንሾቹ አጥንቶች ናቸው፤ ያ ብዙ ጊዜ በሕክምና ወይም በቀዶ ጥገና የሚስተካከል ስለሆነ ሳይለይ መታለፍ የለበትም።

ወረቀቱን ሳይቀበሉ አይውጡ፤ የእርስዎ ነው። ቀይ ክብ ቀኝ ጆሮ፣ ሰማያዊ ኤክስ ግራ ጆሮ ነው። መስመሩ ወደ ታች በወረደ ቁጥር መስማቱ ቀንሷል። ምሳሌ ልስጥዎት፤ በ500 ኸርዝ 15፣ በ1,000 20፣ በ2,000 35፣ በ4,000 60፣ በ8,000 50 ዴሲቤል ቢሆን፣ በ4,000 ወርዶ በ8,000 መልሶ ከፍ ማለቱ የጩኸት አሻራ ነው። የአራቱ ከ500 እስከ 4,000 ያሉት አማካይ 32.5 ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው አመዳደብ ከ20 እስከ 35 ያለው «ቀላል» ነው የሚባለው። በዚህ ቃል እንዳይሸነገሉ። አማካዩ ደህናውን ወፍራም ድምፅ ከተጎዳው ቀጭን ድምፅ ጋር ስለሚቀላቅለው፣ እድር ላይ ግማሽ ቃል የሚያመልጠው ሰው ወረቀት ላይ «ቀላል» ተብሎ ወደ ቤቱ ይሸኛል። «ቃል የመለየት ምርመራም ይሠራልኝ» ብለው ይጠይቁ፤ ከድምፁ ልኬት ይልቅ መሣሪያ ምን ያህል እንደሚጠቅምዎት የሚናገረው እሱ ነው።

ነጭ ሽንኩርቱን አያድርጉት። ጤና አዳምም፣ ቅቤም፣ የክብሪት እንጨትም፣ ላባም ጆሮ ውስጥ አይግባ። ጉዳቱ ያለው ከታምቡሩ ወዲያ፣ አጥንት ውስጥ ተከልሎ ስለሆነ ጠብ ያለው ነገር አይደርስበትም። ታምቡሩ ተቀዶ ከሆነ ደግሞ ወደ መካከለኛው ጆሮ ገብቶ መግል ያመጣል።

መድኃኒት አይመልሰውም ብያለሁ፤ ሊያባብሰው ግን ይችላል። ጄንታማይሲን፣ አሚካሲንና ስትሬፕቶማይሲን የሚባሉት መርፌዎች የቀሩትን ሕዋሳት ለዘለቄታው ሊገድሉ ይችላሉ። ኩዊኒን፣ ለወባ የሚሰጠው የጥንቱ መድኃኒት፣ ጆሮን ያስጮሃል፣ መስማትንም ይቀንሳል፤ ይህኛው መድኃኒቱ ሲቆም በአብዛኛው ይመለሳል። ብዛት ያለው አስፕሪንም እንዲሁ። ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ወርደው ወባ ቢይዝዎት ወይም ለሌላ ሕመም መርፌ ቢታዘዝልዎት «ጆሮዬ በጩኸት የተጎዳ ነው፣ ሌላ አማራጭ አለ?» ብለው ይጠይቁ። የታዘዘልዎትን ግን በራስዎ አያቁሙ። ስኳርና የደም ግፊትዎንም ይለኩ፤ የውስጥ ጆሮ የደም ሥሮች ቀጫጭን ናቸው።

ወደ መሣሪያው እንምጣ። ገበያ ላይ ያዩት ድምፅ ማጉያ ሁሉንም ድምፅ እኩል ከፍ ያደርጋል። እርስዎ የወፍራሙ አልጎደለዎትም፤ የመኪናው ጉርምርምታና የወንበሩ ጩኸት በእጥፍ ሲመጣ የጎደለዎት ሰ እና ጠ እዚያው ይቀራል። ከፍተኛውን ድምፅ የሚገድብለት ከሌለ ደግሞ በር ሲላጋ የቀረውን ጆሮ ይመታል። በልክ የሚሠራው መሣሪያ በወረቀትዎ ላይ ባለው ቁጥር መሠረት በኮምፒውተር ይስተካከላል፤ በ4,000 ብዙ፣ በ2,000 ትንሽ፣ በ500 ምንም ሳይጨምር፤ የከፍታ ገደብም አለው። ከጆሮ ጀርባ የሚቀመጥ፣ ቀጭን ሽቦ ያለው፣ ጫፉ ላይ ቀዳዳ ያላት ለስላሳ ጎማ የሚገባበት ዓይነት ለእርስዎ ዓይነት ልኬት የሚስማማው ነው። ጎማዋ ቀዳዳ ያላት መሆኗ ወፍራሙ ድምፅ በተፈጥሮ መንገዱ እንዲገባ ነው። ጆሮን ጥርቅም አድርጎ የሚዘጋ ከሆነ የራስዎ ድምፅ በርሜል ውስጥ እንደሚናገር ሰው ይሆንብዎታል፣ እርስዎም አውልቀው ሳጥን ውስጥ ያስቀምጡታል።

ለሁለቱም ጆሮ ቢሆን ይሻላል፤ በሁካታ ውስጥ አንጎል ሁለቱን እያነጻጸረ ነው የሚለየው። አቅም ለአንድ ብቻ ከሆነ የባሰው ጆሮ ሁልጊዜ አይመረጥም፤ ቃል በተሻለ የሚለየው የቱ እንደሆነ ታይቶ ባለሙያው ይወስን። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ይጠይቁ፤ ዋስትናው ስንት ነው? ማስተካከያው በነፃ ስንት ጊዜ ነው? ጎማውና የኩክ ማጣሪያው በቋሚነት ይገኛል? ባትሪው ስንት ቁጥር ነው? 312 የሚባለው (ልጣፊው ቡናማ) አንድ ሳምንት ያህል፣ 13 ቁጥር (ብርቱካናማ) ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ይሠራል። ለሁለት ጆሮ 312 ከሆነ በዓመት መቶ ያህል ባትሪ ማለት ነው፤ ይህን አስቀድመው ያስቡት። ቻርጅ የሚደረገው ለደብረ ብርሃን ከተማ ይመቻል፤ መብራት ለቀናት በሚጠፋበት ገጠር ለሚኖር ዘመድ ግን የባትሪውን ምረጡለት። ባትሪው ልጣፊው እስኪነሳ ድረስ ለዓመታት ይቀመጣል፤ ልጣፊው ከተነሳ ግን ቢሠራም ባይሠራም ያልቃል። ልጣፊውን አንስተው አየር እንዲገባው ከአንድ እስከ አምስት ደቂቃ ይጠብቁና ከዚያ ያስገቡት፤ ወዲያው የሚከተው ሰው «ባትሪው ውሸት ነው» ይላል።

የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነው፤ ብዙ ሰው የሚተወው ያኔ ነው። ወረቀት ሲገላበጥ፣ ውሃ ሲንቆረቆር፣ የራስዎ ኮቴ ያስደነግጥዎታል። አንጎልዎ ለዓመታት ያልሰማው ድምፅ ስለሆነ ነው። ቤት ውስጥ፣ ከአንድ ሰው ጋር በመነጋገር በቀን ከ2 እስከ 4 ሰዓት ይጀምሩ፤ በየቀኑ ይጨምሩ፤ እድር ላይ ቸኩለው አይሞክሩት። ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ ለማስተካከያ ይመለሱ፣ የቱ ድምፅ እንደረበሸዎት ጽፈው ይሂዱ። ሙሉ ለሙሉ ለመልመድ እስከ ሦስት ወር ሊወስድ ይችላል። መቆየት ደግሞ አይጠቅምም፤ አንጎል ያልሰማውን መለየት እየረሳ ይሄዳል። ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት በ2020 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የባለሙያዎች ሪፖርት፣ ሊቀነሱ ከሚችሉ 12 የመርሳት በሽታ አጋላጮች አንዱ ያልታገዘ የመስማት መቀነስ እንደሆነ አስፍሯል።

መሣሪያው ዝም ካለ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ባትሪውን ይቀይሩ፤ ካልሆነ ጫፉ ላይ ያለችውን የኩክ ማጣሪያ ይቀይሩ (አብዛኛው «ተበላሸ» የሚባለው እዚህ ላይ ያልቃል)፤ ካልሆነ እርጥበት ነው። ቢያፏጭ ጎማው በደንብ አልገባም፣ ወይም ጆሮ ውስጥ ኩክ አለ፣ ወይም የጎማው ቁጥር ልክዎ አይደለም። በደብረ ብርሃን ብርድ ጋቢውን ወይም ኮፍያውን ጆሮ ላይ ሲደርቡትም ያፏጫል፤ ጨርቁ የወጣውን ድምፅ መልሶ ስለሚያስገባው ነው፣ መሣሪያው አልተበላሸም። ጠበል ሲጠመቁ፣ ሲታጠቡ፣ ሲተኙ ያውልቁት። በክረምት ሌሊት ሌሊት ክዳኑ በሚገጥም ማሰሮ ወይም ዕቃ ውስጥ፣ አዲስ ጫማና መድኃኒት ውስጥ ከሚገኙት የእርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች ጋር፣ የባትሪውን በር ከፍተው ያሳድሩት።

ባለቤትዎና ልጆችዎ የሚያደርጉት ከመሣሪያው ያልተናነሰ ይጠቅማል። መጀመሪያ ስም ይጥሩ፣ ፊትዎን ሲያዞሩ ይናገሩ። አይጩኹ፤ ዝግ ይበሉ። አንድ ቃል ካልተሰማ ያንኑ ከመደጋገም በሌላ ቃል ይንገሩዎት። ወሬ ሲጀመር ቴሌቪዥኑ ይጥፋ። እድር ላይ ጀርባዎን ለግድግዳ ሰጥተው፣ መስኮቱን ከኋላዎ አድርገው፣ የተሻለውን ቀኝ ጆሮዎን ወደ ሰብሳቢው አዙረው ይቀመጡ፤ የተናጋሪው ፊት ላይ ብርሃን ይውደቅ። ሳይሰሙ «እሺ» አይበሉ። «የመጨረሻው ቀን መቼ ነው ያላችሁት?» ብሎ የጎደለውን ብቻ መጠየቅ «እ?» ከማለት ይሻላል፤ ሰውም አይሰለችም።

ጭውታው የሚመጣው ከጆሮ የሚደርሰው ድምፅ ሲቀንስ አንጎል የራሱን መስማት ስለሚያጎላ ነው። የሚያጠፋው ኪኒን የለም፤ የሚያለዝበው ግን አለ። ፍጹም ጸጥታን ይሽሹ፤ ሲተኙ ሬዲዮ ወይም ማራገቢያ ከጭውታው ትንሽ ዝቅ ባለ ድምፅ ይክፈቱ። የመስሚያ መሣሪያው ራሱ ለብዙዎች ቀን ቀን ያስረሳዋል። ቡና ተው የሚልዎት ካለ፣ እንቅልፍ ካልነሳዎት በቀር የሚያስተው በቂ ምክንያት የለም። ጭውታው ከልብ ምትዎ ጋር የሚመታ ከሆነ፣ ማዞር ካለበት፣ ጆሮ ከፈሰሰ ወይም የፊት ጎን ከወደቀ ቶሎ ይታዩ። ከሁሉ በላይ፣ አንድ ጆሮ በድንገት፣ በሰዓታት ወይም በሦስት ቀን ውስጥ ከደነቆረ ድንገተኛ ሕመም ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚጀመር የስቴሮይድ ሕክምና የመመለስ ዕድል አለው፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ዕድሉ በጣም ይጠብባል። «ብርድ ነው፣ ይለቀኛል» ብሎ መቆየት በዚህ ላይ ጆሮ ያስከፍላል።

ልጅዎ። ለእሱ ሁሉም ነገር ገና በእጁ ነው። ክንድ በሚያህል ርቀት ካለ ሰው ጋር ለመነጋገር መጮህ ካስፈለገው ድምፁ ከ85 አልፏል። ጥጥ መወተፍ የሚቀንሰው ጥቂት ዴሲቤል ስለሆነ አይበቃም። ከፎም የተሠራው የጆሮ መድፈኛ በትክክል ከገባ ከ25 ዴሲቤል በላይ ይቀንሳል፤ አገባቡ ግን ወሳኝ ነው። በንጹሕ እጅ እንደ ጧፍ ቀጥኖ እስኪጠበብ ያድቦልቡለው፤ በሌላው እጁ ከራሱ በላይ ዞሮ የጆሮውን ጫፍ ወደ ላይና ወደ ኋላ ይሳብ፤ ያስገባውና እስኪያብጥ 30 ሰከንድ በጣቱ ይያዘው። ግማሹ ወደ ውጭ ከወጣ አልገባም። መዳፉን ጆሮው ላይ ሲደፍን ድምፁ ብዙ ከቀነሰ መድፈኛው ክፍተት አለው። በዱቄት የተበላሸውን ይጣል። ደግሞ ለአፍታም አያውልቀው፦ 30 ዴሲቤል የሚቀንስ መድፈኛ በ8 ሰዓት ውስጥ ለ30 ደቂቃ ብቻ ቢወልቅ ጥቅሙ ወደ 12 ዴሲቤል ይወርዳል። ደንበኛ ለማናገር ከማውለቅ ከበሩ ውጭ ወጥቶ ያናግር። መድፈኛውን ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ ነው፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የአደጋ መከላከያ ዕቃ ማቅረብን በአሠሪው ላይ ይጥላል። ማሽኑም ይታይ፦ ያልታሰረ ወንፊት፣ ያለቀ ኩሽኔታ፣ የተዛባ መዶሻ ጩኸቱን ይጨምራሉ፤ ሞተሩን በግድግዳ ከወፍጮው መለየት ደግሞ ጩኸቱን ይቀንሳል።

ማታ ከወፍጮ ወጥቶ ኤርፎን ከሰካ ጆሮው አላረፈም። የዓለም ጤና ድርጅት ለሙዚቃ ያስቀመጠው ልክ በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ነው፤ በስልክ ከሙሉው ድምፅ 60 በመቶ አካባቢ ቢያቆመው ከዚያ ብዙም አይርቅም። ቅጥቅጥ ውስጥ የሞተሩን ጩኸት ለማሸነፍ ሲጨምር ነው የሚሳሳተው።

እርስዎ ለምርመራ ሲሄዱ እሱንም ይዘውት ይሂዱ። ደህና ጆሮ ሳለ የተለካ ወረቀት ካለው በየዓመቱ እየተነጻጸረ፣ በ4,000 ላይ 10 ዴሲቤል መውረድ ሲጀምር ራሱ ሳያውቀው ይታወቅለታል። ቀጠሮውን ሰኞ ጠዋት ያድርጉት፤ እሑድን ከወፍጮው ርቆ ስለሚውል ልኬቱ እውነተኛውን ያሳያል።